የእናቴን ጽጌረዳ ቆረጡብኝ፤ የቱን ዝርያ ልግዛ?

የሳሪስ ልጅ፦ ሰላም ለሁላችሁ፣ አስቸኳይ ነው። አጥር የሚሠሩልን ግንበኞች ዛሬ ጠዋት የእናቴን ጽጌረዳ ቆረጧት። ሲሚንቶ የምናስቀምጥበት ጠበበን ብለው ነው። እናቴ ቅዳሜ ከሐዋሳ ትመለሳለች። ሳትደርስ ያንኑ የድሮ ዓይነት ገዝቼ መትከል አለብኝ። ሮዝ ናት፣ ደስ የሚል ሽታ አላት። ችግኝ ሻጮች የሚያሳዩኝ ሁሉ ሽታ የለውም። ስሟን የሚያውቅ አለ? የትስ ይገኛል?

ጓሮዬ፦ የተቆረጡት ቅርንጫፎች የት ናቸው? እንዳትጥያቸው! አሁኑኑ ባልዲ ውሃ ውስጥ ንከሪና ጥላ ስር አስቀምጪ።

መምህር ነኝ፦ መጀመሪያ «የድሮ ጽጌረዳ» ምን እንደሆነ እንወቅ። በአትክልተኞች ዘንድ መለያው በፈረንጅ አቆጣጠር 1867 ነው። በዚያ ዓመት «ላ ፍራንስ» የተባለችው ወጣች። እሷ የመጀመሪያዋ የዘመናዊው ዓይነት ተብላ ትቆጠራለች። ከዚያ በፊት የነበሩት ወገኖች የድሮ ይባላሉ፦ ጋሊካ፣ ደማስክ፣ ቡርቦን፣ የቻይና ጽጌረዳ። ጋሊካ ደህና አድርጎ ለማበብ የክረምት ብርድ፣ ያውም የፈረንጅ ክረምት ይፈልጋል። አዲስ አበባ ላይ ቅጠል ብቻ ይዞ ሊቀር ይችላል። ለኛ አየር የሚስማማው የቻይናው ነው። ብርድ ሳይጠብቅ ደጋግሞ ያብባል።

ቨርጂኒያ፦ መምህር ልክ ነው። እኔ ጋ ጋሊካ አለ። በረዶ ተጭኖበት ይከርምና ግንቦት መጨረሻ ላይ ያብባል። ሽታው ልዩ ነው፣ ግን በዓመት አንዴ ብቻ።

ቦሌ24፦ ለምን የግድ የድሮ? ከዘመናዊዎቹም የሚሸቱ አሉ። ሻጮቹ የሚያሳዩሽ ለአበባ እርሻ የተመረጠውን ነው። እሱ የሚፈለገው ግንዱ እንዲረዝምና የአበባ ማስቀመጫ ውስጥ እንዲቆይ ነው እንጂ ለሽታው አይደለም። በዚያ ላይ የድሮውን ሁሉ ማወደስ ልክ አይመስለኝም። «ሱቬኒር ደ ላ ማልሜዞን» የ1843 ናት፣ በጣም ታምራለች። ግን ዝናብ ሲመታት እምቡጧ ሳይከፈት ይበሰብሳል። የሐምሌን ዝናብ አስቢው።

እማማ የሺ፦ ልጄ፣ ጉቶው አለ? አንቺ የጻፍሽው መቆረጧን ነው እንጂ መነቀሏን አይደለም። ጽጌረዳ ቢቆርጧት ትነሳለች። መግዛቱን ተይው።

የሳሪስ ልጅ፦ አመሰግናለሁ እማማ። ጉቶው ስንዝር ያህል ቀርቷል፣ ዙሪያውን ሲሚንቶ ፈሶበታል። ቅርንጫፎቹን ከፍርስራሹ ውስጥ አውጥቼ ውሃ ውስጥ ነክሬያቸዋለሁ። ዓመቱን ሙሉ ታብባለች፣ ፀሐይ ሲመታት ቀለሟ ይጠቁራል። እሾኋ ጥቂት ነው። እናቴ ከጎረቤት ቆርጣ ነው የተከለቻት። እስከ ቅዳሜ ታብባለች?

አቤል፦ እስከ ቅዳሜ የምታብብ ካገኘሽ እኛም እንገዛለን 😂

መምህር ነኝ፦ እንዳልሽው ከሆነ የቻይና ወገን ትመስላለች፤ ምናልባት «ኦልድ ብላሽ»። አበባዋን ሳላይ ግን በእርግጠኝነት አልናገርም።

ጓሮዬ፦ «ከጎረቤት ቆርጣ» ያልሽው ትልቅ ነገር ነው። የገበያ ችግኝ ብዙውን ጊዜ በሌላ ጽጌረዳ ሥር ላይ የተዳቀለ ነው። እሱ ከታች ሲቆረጥ የሚነሳው ባዕዱ ሥር ይሆናል። ያንቺ ግን በራሷ ሥር የቆመች ናት፣ ከጉቶው የሚወጣው እሷው ራሷ ነች። ሲሚንቶውን ከላይኛው አፈር ጋር ጠርገሽ አውጪው፣ በውሃ አጥበሽ ወደ ሥሩ አታስርጊው። ሲሚንቶው ውስጥ ያለው ኖራ ቅጠሉን ቢጫ ያደርገዋል።

ለመጠባበቂያ ደግሞ ከቅርንጫፎቹ ትከዪ። እርሳስ የሚያክለውን ምረጪ። ስንዝር አድርገሽ ከአንጓ ሥር በሰላ ቢላ ቁረጪ። ከላይ ሁለት ቅጠል ተዪ፣ ሌላውን አራግፊ፣ አበባና እምቡጥም አይኑርበት። አሸዋ የበዛበት አፈር ውስጥ ሁለት አንጓ እስኪቀበር ሰክተሽ በግማሽ የተቆረጠ የሃይላንድ ፕላስቲክ ድፊበት። ጥላ ውስጥ ይሁን፣ አፈሩ እርጥብ ይሁን እንጂ አይጨቅይ። ፍግ አሁን አይደረግም። ሥር ለመያዝ ከወር እስከ ሁለት ወር ይፈጃል። ያዘ አልያዘም እያልሽ አትጎትቺው፤ ገና የበቀለችው ቀጭን ሥር ትበጠሳለች። ብዙ ትከዪ፣ ሁሉም አይይዝም። ሰኔ መሆኑ በጅቶሻል።

ቲጂ፦ ቅርንጫፎቹን ውሃ ውስጥ ንከሪያቸው፣ እንዳይደርቁ።

አቤል፦ ነክራለች እኮ ቲጂ።

ቦሌ24፦ አጥሩ ሲያልቅ ግድግዳው ባዶ እንዳይሆን «ዜፊሪን ድሩዋን»ን ፈልጊ። የ1868 ናት፣ እሾህ የላትም፣ ሽታዋ ኃይለኛ ነው። ነጭ ዱቄት የሚመስለው በሽታ ስለሚወዳት ነፋስ የሚያገኛት ቦታ ስጫት።

ቀጋ፦ ለአጥር ከሆነ የራሳችን ቀጋ አለ እኮ! ነጭ አበባ፣ የሚበላ ፍሬ። እሾሁ ሌባ አያሳልፍም። ማንም አያስታውሰውም፣ ያሳዝናል።

እማማ የሺ፦ ቀጋ ለከተማ ግቢ ይሰፋል ልጄ። አንቺ ደግሞ እናትሽ ሳትደርስ ደውለሽ ንገሪያት። ጉቶውን በጆንያ አትሸፍኚ፣ ፀሐይ ይፈልጋል። ግንበኞቹ እንዳይረግጡት ዙሪያውን ድንጋይ አድርጊበት። አምላክ ቢፈቅድ በሁለት ሦስት ወር አበባ ታይበታለሽ።

ሰናይት፦ እኔም ሳሪስ ነኝ። ቅርንጫፍ ከተረፈሽ ዛሬ ማታ መጥቼ ልውሰድ? አሸዋና ፕላስቲክ አለኝ።