4294967297 ብቸኛ ቁጥር ነው? እባካችሁ እርዱኝ

ጠያቂ፦
ሰላም ለሁላችሁ። የ10ኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። መምህራችን 4294967297 ብቸኛ ቁጥር (ፕራይም) መሆን አለመሆኑን አጣሩ፣ ሌላ ጠባዩንም ጻፉ ብለውናል። በስልኬ ካልኩሌተር ከ2 እስከ 100 ሞከርኩ። በአንዱም ያለ ቀሪ አልተካፈለም። እስከ ስንት ልቀጥል? ነገ ጠዋት ነው የምናስረክበው።

ቁጥር ወዳጅ፦
ብቸኛ ነው። 32 ሁለቶችን አባዝተሽ 1 ስትደምሪ የሚመጣው ቁጥር ነው። ፌርማ የሚባለው ፈረንሳዊ የዚህ ዘር ቁጥሮች (የሁለቶቹ ብዛት 1፣ 2፣ 4፣ 8፣ 16፣ 32 እያለ እጥፍ የሚሄድባቸው) ሁሉ ብቸኛ ናቸው ብሎ ነበር። 3፣ 5፣ 17፣ 257፣ 65537፤ ሁሉም ብቸኛ ናቸው።

ጡረተኛው መምህር፦
ወዳጄ፣ የዘረዘርካቸው አምስቱ ልክ ናቸው። ስድስተኛው ግን ይኸው የልጅቷ ቁጥር ነው፤ ፌርማ የተሳሳተውም እዚሁ ላይ ነው። የሂሳብ ሊቁ ኦይለር በ1732 አካፋዩን አገኘው። 641 × 6700417 = 4294967297።

ልጄ፣ አንድ ቁጥር ብቸኛ ካልሆነ ከስኩዌር ሩቱ የማይበልጥ አካፋይ አያጣም። ስለዚህ እስከ 65536 ብቻ ትሞክሪያለሽ። እሱም ቢሆን ሌሊቱን ሙሉ ያስቀምጥሻል። ኦይለር ያረጋገጠው ሕግ ግን ይገላግልሻል፦ የዚህ ቁጥር ብቸኛ አካፋይ ሁሉ የ64 ብዜት ሲደመር 1 ነው። 65፣ 129፣ 193 እያልሽ ሂጂና ብቸኛ ያልሆኑትን ዝለይ። የሚቀሩሽ 193፣ 257፣ 449፣ 577፣ 641 ናቸው። በአምስተኛው ሙከራ ደረስሽ ማለት ነው! ከ100 በታች ምንም ያጣሽውም ለዚህ ነው። እንዲህ ያለ ሕግ ሳይ እስከ ዛሬ ደስ ይለኛል።

ኮድ ጸሐፊ፦
ስለ ጠባዩ ልጨምር። ጎዶሎ ቁጥር ነው። አካፋዮቹ አራት ብቻ ናቸው፦ 1፣ 641፣ 6700417 እና ራሱ። ከራሱ በስተቀር ያሉት ሲደመሩ 6701059 ነው። ከቁጥሩ በጣም ስለሚያንስ ፍጹም ቁጥር (ከራሱ በስተቀር ያሉት አካፋዮቹ ሲደመሩ ራሱን የሚሰጡ) አይደለም። በኮምፒውተር የሁለትዮሽ አጻጻፍ ደግሞ ያምራል፦ 1፣ ከዚያ 31 ዜሮ፣ መጨረሻ ላይ 1።

ጠያቂ፦
641 ላይ ቀሪው ጠፋ! ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ግን 6700417ስ ብቸኛ መሆኑን በምን አውቃለሁ?

ጡረተኛው መምህር፦
ጎበዝ፣ መጠየቅ ያለበት ይሄ ነው። የእሱ ስኩዌር ሩት ከ2589 በታች ነው። አካፋይ ቢኖረው የትልቁም አካፋይ ስለሚሆን ያው የ64 ሕግ ይይዘዋል። ትንንሾቹን ጨርሰሻል። 641ን ድገሚው፣ ከዚያ 769፣ 1153፣ 1217፣ 1409፣ 1601፣ 2113። በአንዱም ያለ ቀሪ አይካፈልልሽም፤ ብቸኛ ነው። ሰባቱንም ሙከራ ደብተርሽ ላይ ጻፊው።