የመምህራን የብቃት ማነስ ጉዳይ ወደ ተቆጣጣሪ አካል የሚደርሰው በምን መንገድ ነው?

ጥያቄ

የተከበራችሁ ባልደረቦች፣ ለሁለተኛ ዲግሪ ማሟያ ጽሑፌ የማጠናው፣ ብቃት ይጎድላቸዋል የተባሉ መምህራን ጉዳይ ከትምህርት ቤት ተነሥቶ ሙያውን ወደሚቆጣጠረው አካል እንዴት እንደሚደርስ ነው። የእንግሊዝንና የዌልስን አሠራር ሳነጻጽር፣ በብቃት ማነስ የሚቀርበው ጉዳይ በሥነ ምግባር ጥሰት ከሚቀርበው እጅግ ያነሰ ሆኖ አገኘሁት። ከዚህ በመነሣት ደካማ መምህራን ጥቂት ናቸው ማለት ይቻላል? ካልተቻለስ የጎደለውን ከየት ልፈልግ?

መልስ 1

አይቻልም። በእንግሊዝ እ.ኤ.አ. በ2000 ሥራ ጀምሮ በ2012 የፈረሰው የመምህራን ምክር ቤት የብቃት ማነስንም ያይ ነበር፤ ዛሬ ያለው የመምህራን ተቆጣጣሪ ኤጀንሲ ግን የሚመለከተው ከባድ የሥነ ምግባር ጥሰትን ብቻ ስለሆነ፣ የብቃት ጉዳይ ቀጣሪው ዘንድ ተጀምሮ እዚያው ያልቃል። በዌልስ በአንጻሩ ቀጣሪው መምህሩን በብቃት ማነስ ሲያሰናብት፣ ወይም መምህሩ ቀድሞ ባይለቅ ኖሮ ሊያሰናብተው ይችል የነበረ ሲሆን፣ እዚያው ዌልስ ላለው የሙያው ተቆጣጣሪ ምክር ቤት የማሳወቅ ግዴታ አለበት። ስለዚህ የሁለቱን የዛሬ አኃዝ ጎን ለጎን ማስቀመጥ ያሳስታል።

መልስ 2

በትምህርት ቤት የሰው ሀብት ክፍል ለዓመታት ሠርቻለሁ፤ እንደ እኔ ትዝብት ጉዳዩ የሚቀረው የግል ማኅደሩ ውስጥ ነው። የክፍል ምልከታ ቅጾች፣ የድጋፍ ዕቅድ፣ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ፣ ከዚያም የውሳኔ ስብሰባ መጥሪያ በተርታ ተያይዘው ይገኛሉ፤ ከመጥሪያው ሦስት ቀን በኋላ ግን «በገዛ ፈቃዴ» የሚል የመልቀቂያ ደብዳቤ ይገባና ማኅደሩ ይዘጋል። ርዕሰ መምህሩ እፎይ ይላል፣ መምህሩም ስሙ ሳይነሣ ሌላ ቦታ ይቀጠራል፣ የሚቀጥሉት ተማሪዎች ግን ምንም አያውቁም። እንዲህ ያለውን ማኅደር በእጄ ስለዘጋሁ እስከ ዛሬ ይከነክነኛል። እርስዎም የመጥሪያውንና የመልቀቂያውን ቀን ያስተያዩ፤ ርዕሳነ መምህራንንም «ያላሳወቃችሁት የትኛውን ነው፣ ለምንስ?» ብለው ይጠይቁ።

መልስ 3

በዚህ እስማማለሁ፤ ሆኖም የለቀቀ ሁሉ ብቃት የሌለው ተደርጎ እንዳይቆጠር አደራ እላለሁ። ባልሠለጠነበት የትምህርት ዓይነት ተመድቦ ያለ ድጋፍ የቆየ መምህርም በዚያው መዝገብ ውስጥ አለ፤ አቤቱታና የተረጋገጠ ጉድለት በጽሑፍዎ ውስጥ የተለያየ ስም ይኑራቸው።

ጠያቂ

ከልብ አመሰግናለሁ። የጥናቱን መነሻ ከተቆጣጣሪው አኃዝ ወደ ቀጣሪው ውሳኔ አዛውራለሁ፤ ማኅደር ለማየት ፈቃድ ካላገኘሁም ስም በማይጠቀስበት ቃለ መጠይቅ እተካዋለሁ።