ከድሬዳዋ የተቆረጠ የደርሶ መልስ ትኬት፦ አዲስ አበባ ላይ መቅረት ይቻላል?

የሳቢያን ልጅ፦

ጤና ይስጥልኝ። እናቴ ዱባይ የምትኖረውን እህቴን ልትጠይቅ የደርሶ መልስ ትኬት ተቆርጦላታል። ትኬቱ ከድሬዳዋ ተነስቶ በአዲስ አበባ በኩል ዱባይ የሚያደርስ፣ በዚያው መንገድም የሚመልስ አንድ ትኬት ነው። ይሁንና በምትመለስበት ሰሞን የአክስቴ ልጅ ሰርግ ስላለ፣ አዲስ አበባ ላይ ቀርታ ሰርጉ ካለፈ በኋላ በባቡር ወደ ድሬ ለመምጣት አስባለች። አጎቴ ደግሞ «ስትሄድም ቢሆን አዲስ አበባ በመኪና ቀድማ ትግባና ዘመድ ጠይቃ ከቦሌ ትሳፈር፤ ገንዘቡ አንዴ ተከፍሏል፣ ወንበሩ ባዶውን ቢሄድ ማን ይጠይቃታል?» ይላል። ሁለቱም ሐሳብ ያስኬዳል? ሻንጣዋስ የት ይወርዳል?

የቀድሞ ትኬት ሻጭ፦

ወንድሜ፣ ሁለቱ ጥያቄዎች ቢመሳሰሉም መልሳቸው ለየቅል ነው። የእናትህ ትኬት በውስጡ አራት ኩፖኖች፣ ማለትም ለእያንዳንዱ በረራ አንድ አንድ መሳፈሪያ፣ አሉት፤ ሁለቱ የመሄጃ፣ ሁለቱ የመመለሻ። የወረቀት ትኬት እ.ኤ.አ. በ2008 ቀርቶ ሁሉም ነገር ኮምፒውተር ውስጥ ቢገባም፣ ኩፖኖቹ በተራቸው ብቻ ያገለግላሉ የሚለው ደንብ በአብዛኞቹ አየር መንገዶች ዘንድ እንዳለ ነው። ከድሬዳዋ በሚነሳው የመጀመሪያ በረራ ላይ ያልተገኘ መንገደኛ «ኖ ሾው» ተብሎ ይመዘገብና ተከትለው ያሉት በረራዎች፣ የመመለሻው ጭምር፣ ይሰረዙበታል። ስለዚህ እናትህ የአጎትህን ምክር ቢከተሉ ቦሌ የመንገደኞች መመዝገቢያው ላይ ሲቀርቡ በስማቸው የተያዘ ቦታ ላይኖር ይችላል። የግድ ከአዲስ አበባ መነሳት ከፈለጉ ከበረራው ቀን በፊት ትኬቱን ማስለወጥና ልዩነት ካለው መክፈል ነው።

የመጨረሻው ኩፖን ግን ከኋላው የሚሰረዝ ነገር ስለሌለ ያን ያህል አያሰጋም። የሚያስቸግረው ሻንጣው ነው። ዱባይ ላይ ሻንጣው ተመዝኖ እጀታው ላይ የሚጠመጠመውን ረጅም ወረቀት ይመልከቱ፤ በትልልቁ የታተሙት ሦስት የላቲን ፊደላት ሻንጣው እስከ የት እንደተላከ ይናገራሉ። ዲ፣ አይ፣ አር ከሆነ ድሬዳዋ ነው፤ ኤ፣ ዲ፣ ዲ ከሆነ አዲስ አበባ። መናገር የሚያስፈልገው ወረቀቱ ከመታተሙ በፊት ነው፤ ሻንጣው በማጓጓዣው ቀበቶ ላይ ከሄደ በኋላ ለመመለስ እጅግ ያስቸግራል።

ጀጎል በር፦

ሐረር አውሮፕላን ስለማያርፍባት እኛም በደንገጎ ወርደን የምንሳፈረው ከድሬ ነውና ጉዳዩ ይመለከተናል። አየር መንገዶች ከትኬቱ አንዱን በረራ መተውን አጥብቀው የሚጠሉት፣ የትኬት ዋጋ በርቀት ሳይሆን በገበያ ስለሚተመን ነው። አንዳንዴ ሩቅ ከተማ የሚያደርሰው ትኬት መሃል ላይ ካለችው ከተማ ትኬት ስለሚረክስ፣ ርካሹን ገዝቶ መሃል ላይ የሚወርድ ሰው አለ። የጀርመኑ አየር መንገድ ሉፍታንዛ ከኦስሎ በፍራንክፈርት በኩል ሲያትል ደርሶ ሲመለስ ፍራንክፈርት ላይ የቀረ መንገደኛን ከ2,000 ዩሮ በላይ ክፈል ብሎ ከስሶ ነበር፤ የበርሊን ፍርድ ቤት ግን በታኅሣሥ 2018 እ.ኤ.አ. የዋጋው ስሌት ግልጽ አይደለም በሚል ክሱን ውድቅ አደረገው። ለሰርግ ብለው የሚቀሩ እናት ከዚህ ጋር የሚያገናኛቸው ነገር የለም፤ ይህን ያነሣሁት «ማን ይጠይቃታል» ለሚሉት አጎትህ ነው።

ከዚራ፦

እኔ ግን ዝም ብሎ መቅረትን አልመክርም። ትኬት ቢሮ ሄዳችሁ የመጨረሻው በረራ ቀን ከሰርጉ በኋላ እንዲሆን ብትጠይቁ ምን ይጎዳችኋል? በዓለም አቀፍ ትኬት ላይ በሁለት በረራዎች መካከል ያለው ቆይታ ከ24 ሰዓት በታች ከሆነ እንደ መሸጋገሪያ፣ ከዚያ ካለፈ እንደ ማረፊያ ስለሚቆጠር ተጨማሪ ሊያስከፍል ይችላል፤ ጭማሪው አነስተኛ ከሆነ ግን እናትህ በአውሮፕላን ከአንድ ሰዓት ብዙም ባልበለጠ ጊዜ ቤታቸው ይገባሉ። ባቡሩ እኮ የሚነሳው እንደ ድሮው ከለገሃር አይደለም። ፉሪ ለቡ ድረስ ሻንጣ ይዞ መሄድ፣ ከዚያም ቀኑን ሙሉ መቀመጥ ለአዛውንት ይከብዳል። ከዱባይ የሚመጣ ሻንጣ ደግሞ መቼም ቀላል አይሆንም።

የሳቢያን ልጅ፦

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። መሄጃውን ከድሬዳዋ እንደተቆረጠው ትሄዳለች፤ አጎቴንም አሳምኛለሁ። ለመመለሻው ነገ ትኬት ቢሮ ሄጄ የቀን ለውጡን ዋጋ እጠይቃለሁ። አንድ ነገር ብቻ፦ ቀኑ ከተለወጠ ሻንጣው አዲስ አበባ ላይ በራሱ ይወርዳል ወይስ ያኔም መናገር ያስፈልጋል?

የቀድሞ ትኬት ሻጭ፦

ቀጣዩ በረራ ከቀናት በኋላ ከሆነ ሻንጣው እስከ አዲስ አበባ ብቻ ነው የሚላከው። ቢሆንም እህትህ ዱባይ ላይ አብራ ቆማ ወረቀቱን በዓይኗ ትይላቸው፤ መመዝገቢያው ላይ ያለው ሠራተኛ በጥድፊያ ሊሳሳት ይችላል።