«ቻፕሊን»ን በአማርኛ ምን እንበለው? ስለ «ኖላዊ» እና «እረኛ»

ጥያቄ፦ በሆስፒታል፣ በማረሚያ ቤትና በጦር ሰፈር ተመድቦ የሰውን መንፈስ የሚያጽናና ክርስቲያን አገልጋይ በውጭ ቋንቋ «ቻፕሊን» ይባላል። «የነፍስ አባት» ብለን ብንተረጉመው ያስኬዳል?

መልስ፦ ጠያቂያችን፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የሚያስኬድ አይመስለኝም። የነፍስ አባት ቤተሰቡ አውቆ የያዘው፣ ንስሓውን የሚቀበለው ካህን ነው፤ ቻፕሊን ግን ከማያውቀው ሰው አልጋ አጠገብ የሚቀመጥ ነው። «መጋቢ»ም ግሩም ቃል ቢሆንም በወንጌላውያን ዘንድ ለአጥቢያ አገልጋይ፣ በገዳማትም ለሹመት መጠሪያ ተይዟል።

እኔ በጽሑፍ «የሆስፒታል ኖላዊ»፣ «የማረሚያ ቤት ኖላዊ» ብንል እመርጣለሁ። «ኖላዊ» በግእዝ እረኛ ማለት ነው፤ ቃሉም ለጆሯችን ባዕድ አይደለም፤ ከገና በፊት ያሉት ሦስት ሳምንታት ስብከት፣ ብርሃንና ኖላዊ ይባላሉ፤ በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 10 ጌታ ራሱን የጠራበት «ኖላዊ ኄር»ም መልካም እረኛ ማለት ነው።

«እረኛ» የወጣበት የግእዝ ግስ «ረዐየ» ነው። መዝሙር 22 በግእዝ «እግዚአብሔር ይሬዕየኒ» ሲል በዐይኑ «ዕ» ከተጻፈ «እንደ እረኛ ይጠብቀኛል»፣ በአልፉ «እ» ከተጻፈ ግን «ያየኛል» ማለት ነው፤ ዛሬ በንባብ ስለማንለያቸው ብዙ ጸሐፊ ያደባልቃቸዋል። ግሶቹ ሥራቸው የተለያየ ነው፤ ሆኖም ሳያይ የሚጠብቅ እረኛ እንደሌለ ሳስብ ስሕተቱ እንኳ ያስተምረኛል።

«መሪ» የሚለውን ያልመረጥሁበት ምክንያት አለኝ። ሙሴ የተጠራው የአማቱን የዮቶርን በጎች ሲጠብቅ፣ ዳዊትም ከበግ ጥበቃ ነው። ሕዝቅኤል ምዕራፍ 34 ራሳቸውን የሚያሰማሩትን የእስራኤል እረኞች የሚወቅሰው የታመመውን ስላላከሙ፣ የተሰበረውን ስላልጠገኑና የጠፋውን ስላልፈለጉ ነው። የአስተዳደር ጉድለት የተነገረው በሐኪምና በወጌሻ ግሶች መሆኑን ልብ በሉ።

«ጥሪ»ም እንዲሁ ነው፤ እረኛው የተጠራ ብቻ ሳይሆን በጎቹን በየስማቸው የሚጠራ ነው። እዚህ ባሕር ዳር እናቴን በአንድ ሆስፒታል ሳስታምም አንድ ቄስ ጠበል በሃይላንድ ይዘው ከአልጋ አልጋ ሲዘዋወሩ አይቻለሁ። ከዘጌ በጀልባ የመጡ፣ አስታማሚ የሌላቸው አንድ ሽማግሌ ዘንድ ሲደርሱ መስቀሉን ከማውጣታቸው በፊት አጠገባቸው ተቀመጡ፤ የክርስትና ስማቸውን ጠይቀው በዚያው ስም እየጠሩ ጸለዩላቸው። ሽማግሌው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው ከተኙበት ቀስ ብለው ተመለሱ። በክፍሉ የነበርነው ሁሉ «አባታችን» ከማለት በቀር ለዚያ አገልግሎት ሌላ ስም አልነበረንም።