የ11 ዓመቷ ልጄ ሶፍትቦል ስትመታ ትዘገያለች፤ ከየት እንጀምር?

አባት ከሲልቨር ስፕሪንግ

ሰላም ለሁላችሁ። ልጄ 11 ዓመቷ ነው፤ ሶፍትቦል (የቤዝቦል ዓይነት ጨዋታ) ትጫወታለች፣ በቀኝ ትመታለች። ዘንድሮ ከ10 ዓመት በታች ወደ 12 ዓመት በታች ቡድን ተሻግራለች። የኳሱ ዙሪያ ከ11 ኢንች ወደ 12 አድጓል፤ ፒቸሯ (ኳስ ወርዋሪዋ) የምትወረውርበት ርቀትም ከ35 ጫማ ወደ 40 ጫማ ሄዷል። ርቀቱ ቢጨምርም በዚህ ዕድሜ ያሉት ልጆች ጠንክረው ስለሚወረውሩ ኳሱ ቶሎ ይደርሳል።

ቲ (ኳስ የሚቀመጥበት ዘንግ) ላይ የተቀመጠውን ኳስ ቀጥ አድርጋ ትሰደዋለች። ጨዋታ ላይ ግን ወይ ትስተዋለች፣ ወይ በመጀመሪያ ቤዝ (በስተቀኝ ባለው የሜዳው ጥግ) በኩል ፋውል (ከመስመር ውጪ) ይወጣባታል፣ ወይ ጉልበት አጥቶ መሬት ለመሬት ይንከባለላል። በፕሌቱ (መቺዋ አጠገቡ የምትቆመው መሬት ላይ ያለ ሰሌዳ) ውጪኛ ጠርዝ ለሚያልፍ ኳስ እጇን ትዘረጋለች፣ በጫፉ ትነካዋለች፣ ከዚያ ወዲያ የለም።

የምትይዘው ባት (መምቻ) 31 ኢንች ርዝመትና 21 አውንስ ክብደት አለው። ከየአቅጣጫው ሦስት ምክር ይነገራታል፦ «የኋላ ክርንሽን ከፍ አድርጊ»፣ «ከላይ ወደ ታች ምቺ»፣ «የኋላ እግርሽን ጉንዳን እንደምትጨፈልቂ አሽከርክሪ»። ሦስቱን አንድ ላይ ልታደርግ ስትሞክር ሰውነቷ ድርቅ ይላል። የትኛው ነው ትክክል? ምን ይቅደም? በሳምንት ስንት ቀን፣ ስንት ምት? እቤት ያለን አንድ ቲ፣ አንድ መረብና 12 ኳስ ነው።

የ12 ዓመት በታች አሠልጣኝ

ወንድም ዓለም፣ ከጻፍከው ሁሉ ቁም ነገሯ «ቲ ላይ ቀጥ አድርጋ ትሰደዋለች» ያልካት ናት። በቀኝ የምትመታ ልጅ ኳሱን ዘግይታ ስታገኘው ወደ ቀኝ፣ ወደ መጀመሪያ ቤዝ ይሄዳል፤ ቀድማ ስታገኘው ወደ ሦስተኛ ቤዝ። ቆሞ የሚጠብቃትን ኳስ በደንብ መትታ የሚመጣውን በቀኝ በኩል ፋውል የምታወጣ ከሆነ በመጀመሪያ መታየት ያለበት የምትነሣበት ሰዓት ነው። ክርኗን ለጊዜው ተዉላት። («ባት» ስል ከእግር ባት ጋር እንዳይምታታ ከዚህ በኋላ መምቻ እላለሁ።)

ሒሳቡ ይህን ይመስላል። በሰዓት 45 ማይል የሚመጣ ኳስ በሰከንድ 66 ጫማ ይጓዛል። ፒቸሯ ወደፊት ተራምዳ ስለምትለቀው ከ40ው ጫማ የሚቀረው 35 ያህል ነው። ይህ ማለት ከግማሽ ሰከንድ እምብዛም የማይበልጥ ጊዜ ነው፤ ከዚያም ላይ ስንዘራው ራሱ የተወሰነውን ይወስዳል። ኳሱ ከእጅ ሲወጣ አይታ፣ ከዚያ ክብደቷን ወደ ኋላ ወስዳ፣ ከዚያ ተራምዳ፣ ከዚያ የምትሰነዝር ልጅ ክንዷ የቱንም ያህል ቢፈጥን አትደርስም።

ስለዚህ መሰናዶው ከፒቸሯ ክንድ ጋር ይሂድ። የፒቸሯ ክንድ ክቡን ጀምሮ ከራሷ በላይ ሲደርስ ልጅህ ክብደቷን በኋላ እግሯ የውስጥ ጎን ላይ ታሳርፋለች፤ እጆቿም ከኋላ ትከሻዋ አጠገብ ይቆያሉ። ኳሱ ከፒቸሯ ዳሌ አጠገብ ሲለቀቅ የፊት እግሯ ጣት መሬት እየነካ መሆን አለበት። ኳሱ መንገዱን ሳያጋምስ ተረከዟ ይረፍ። እርምጃዋ ከ4 እስከ 6 ኢንች ይበቃታል፤ የተኛ ሕፃን ላለመቀስቀስ እንደሚራመድ ሰው ቀስ ብላ ትርገጥ። ረጅምና ከባድ እርምጃ ጭንቅላቷን ይዞ ወደፊት ይሄዳል፤ ጭንቅላት ሲንቀሳቀስ ደግሞ ኳሱ ለዓይኗ ይበልጥ የፈጠነ ይመስላል።

ግምት እንዳይሆን በስልክ ቅረጻት። የስልኩን ዝግታ ምስል በሰከንድ 240 ፍሬም ላይ አድርግ፤ ከመጀመሪያ ቤዝ ጎን፣ ከአጥሩ ውጪ፣ በወገቧ ቁመት፣ ደረቷ ፊት ለፊት እንዲታይ። ፒቸሯም በምስሉ ጠርዝ ብትታይ ጥሩ ነው። የፊት ተረከዟ መሬት የነካበት ፍሬም ላይ አቁመውና ኳሱ የት እንደደረሰ እይ። ፕሌቱ አጠገብ ከሆነ መዘግየቷ ተረጋገጠ። እዚያው ፍሬም ላይ እጆቿን ተመልከት፤ ከትከሻዋ ለቅቀው ወደፊት መጥተው ከሆነ ዳሌዋ የሚሠራው ሥራ ቀርቶ በክንዷ ብቻ ልትመታ ነው።

ስለ ሦስቱ ምክሮች፦ ክርን ከፍ ማድረግ ጉልበት አይጨምርም፤ ከፍ ያለ ክርን መልሶ ወደ ጎኗ መውረድ ስላለበት የሌላትን ጊዜ ይሻማታል። ትከሻዋ ሳይወጠር ዘና ብሎ የሚቆምበት ቦታ ነው ቦታው። «ከላይ ወደ ታች» የሚለውን ግን ፈጽሞ ተዉት። እንጨት መፍለጥ ነው ያ። በሶፍትቦል ኳሱ የሚለቀቀው ከታች፣ ከዳሌ አካባቢ ስለሆነ አመጣጡ ጠፍጣፋ ነው ማለት ይቻላል። ከላይ የሚወርድ መምቻ የኳሱን መንገድ የሚያቋርጠው አንዲት ነጥብ ላይ ብቻ ነው፤ እሷን ከሳተ አለቀ፤ ካገኛትም ኳሱን መሬት ላይ ይደፋዋል። መምቻው ወደ ኳሱ መስመር ቀድሞ ገብቶ ትንሽ ወደ ላይ እያቀና ቢሄድ በመስመሩ ላይ ረዘም ላለ ጊዜ ይቆያል፣ ትንሽ ብትዘገይም ያገኘዋል። የጉንዳኗ ነገር ደግሞ የተገለበጠ ምክር ነው፦ እግሩ የሚዞረው ዳሌው ስለዞረ ነው። እግሯን አስባ ያሽከረከረች ልጅ ክብደቷ ኋላ ይቀራል። ኳሱን ስትነካ የኋላ ተረከዟ ተነሥቶ ጣቷ መሬቱን በስሱ ብቻ ከነካ ትክክል ነው።

ካቸር 22

ጋሼ፣ መምቻውን ይመልከቱት። ርዝመቱ በኢንች 31፣ ክብደቱ በአውንስ 21፤ ልዩነቱ 10 ነው። ልዩነቱ በሰፋ ቁጥር መምቻው ለርዝመቱ ቀላል ነው ማለት ነው። ለብዙ የ11 ዓመት ልጆች 30 ኢንች ሆኖ ልዩነቱ 11 ወይም 12 የሆነ፣ ማለትም 19 ወይም 18 አውንስ የሚመዝን ይሻላል። አንድ ቀላል መፈተኛ አለ፦ እጀታውን በአንድ እጇ ይዛ ክንዷን ወደ ጎን በትከሻዋ ቁመት ትዘርጋ፤ 20 ሰከንድ ሳይሞላ መንቀጥቀጥ ወይም መውረድ ከጀመረ ከብዷታል። እንደ ጫማ «ለከርሞም ይሆናታል» ተብሎ የሚገዛ ዕቃ አይደለም። ከባድ መምቻ የያዘች ልጅ ክብደቱን ለማስነሣት እጆቿን ቀድማ ትዘረጋለች፤ ያኔ ስንዘራው ሰፊ ክብ ይሠራል፣ ይዘገያል።

አዲስ ከመግዛትዎ በፊት ግን እጇን ከእጀታው ግርጌ አንድ ኢንች ወደ ላይ ታንሣ፤ ብዙ ጊዜ ይኼ ብቻ ይበቃል። ስትይዝም በመዳፏ ሳይሆን በጣቶቿ ይሁን። በር የምናንኳኳባቸው የሁለቱ እጆች አንጓዎች በአንድ መስመር ይደርደሩ። በመዳፏ ጨምቃ ከያዘች የእጅ አንጓዋ ይታሰራል፣ ክንዷም እስከ ትከሻዋ ይደርቃል። እርስዎ «ድርቅ ይላል» ያሉት ግማሹ ከዚህ ሊመጣ ይችላል።

ከአሠልጣኙ በአንድ ነገር እለያለሁ። ለምትዘገይ ልጅ እርምጃውን ለጥቂት ሳምንታት ጭራሽ ባስቀርላት እመርጣለሁ። እግሮቿን ከትከሻዋ ትንሽ ሰፋ አድርጋ ትቁም፤ የፊት ተረከዟን ብቻ አንሥታ ትመልሰው። ከሚሳሳቱት ነገሮች አንዱ ተቀነሰ ማለት ነው።

መምቻው ከኮምፖዚት (ከቃጫና ከሙጫ ከተዋሐደ ቁስ) የተሠራ ከሆነ ብርድ አይወድም። ብዙ አምራቾች ከ60 ዲግሪ ፋራናይት በታች እንዳይጠቀሙበት ያሳስባሉ፤ የሜሪላንድ መጋቢት ደግሞ ይታወቃል። በኪራይ የኳስ መወርወሪያ ማሽን ውስጥ ያሉትን ጠጣርና ነጠብጣብ ያለባቸውን ኳሶችም በአሮጌ የአሉሚኒየም መምቻ ይምቱ።

የ12 ዓመት በታች አሠልጣኝ

ካቸር ያለችው ተረከዝ ብቻ የማንሣት ዘዴ ይሠራል፤ ሁለት ስትራይክ (ሦስት ሲሞላ መቺዋን የሚያስወጣ ምልክት) ሲሞላባቸው እኔም አዛቸዋለሁ። ያለ እርምጃ ሲቆሙ ግን ክብደታቸውን ወደ ኋላ መውሰድ የሚረሱ ልጆች አሉ፤ ምስሉ ላይ ይህን ጠብቁ።

ሦስተኛ ቤዝ

ስለ ልምምዱ ልጨምር። ልጅቷ አንድ ነገር ብቻ በልቧ ይዛ እንድትሰነዝር የቡሄ ጅራፍ ንገራት። ጅራፍ የሚያጮኸው ሰው ጫፉን አይገፋም፤ እጀታውን ይመራና ድንገት ይገታዋል፤ ጫፉ መጨረሻ ላይ ራሱ ይመጣል። ስንዘራም እንደዚሁ ነው፦ ዳሌ፣ ቀጥሎ ትከሻ፣ ቀጥሎ እጅ፣ መጨረሻ ላይ የመምቻው ጫፍ። እጅ ቀድሞ ከሄደ ጅራፉ አይጮህም።

የአጥር ልምምድ ይህን ያሳያታል። የእጀታውን ግርጌ እምብርቷ ላይ፣ የመምቻውን ጫፍ አጥሩ ላይ አድርጋ ርቀቱን ትለካለች፤ ከዚያ እዚያው ቆማ ከአጥሩ ጋር ትይዩ ሆና ትሰነዝራለች። መምቻው አጥሩን ከፋቀ እጇ ከሰውነቷ ቀድሞ ተዘርግቷል። በመጀመሪያ በዝግታ 5፣ ከዚያ በፍጥነት 5። ሽቦ አጥር መምቻ ስለሚያበላሽ ብርድ ልብስ መጋረጃ አድርጎ መስቀል ይሻላል።

ቲውን የት ነው የምታስቀምጡት? ብዙ ቤተሰብ ሆድ ፊት ለፊት ያደርገዋል፤ ልጅቷም ሳታውቀው ዘግይቶ መምታትን ትለማመዳለች። ፕሌቱ 17 ኢንች ስፋት አለው፤ በካርቶን ቆርጣችሁ መሬት ላይ አኑሩት። መሐል ለሚመጣ ኳስ ቲው በፊት እግሯ ትይዩ ይቁም። ወደ ሰውነቷ ለሚጠጋ ኳስ ከፊት እግሯ ከ4 እስከ 6 ኢንች አልፎ ወደ ፒቸሯ፤ ለውጪኛው ከፊት እግሯ ወደ ኋላ 6 ኢንች ያህል፣ የፊት ዳሌዋ አካባቢ። ቁመቱንም ከጉልበቷ እስከ ደረቷ በታች ለዋውጡት፤ ሁልጊዜ በወገብ ልክ የምትመታ ልጅ ዝቅ ያለውን ጉልበቷን ሳታጥፍ በእጇ ለመድረስ ትሞክራለች።

ለእሷ ከሁሉም በላይ የሚጠቅማት ግን ከፊት ለፊት የሚወረወር ኳስ ነው። ከ15 ጫማ ርቀት፣ መከላከያ መረብ ጀርባ ሆነህ ከታች ወደፊት፣ ጠፍጣፋ አድርገህ ወርውር። ከዚህ ርቀት በሰዓት 20 ማይል የተወረወረ ኳስ ግማሽ ሰከንድ ይፈጅበታል፤ ማለትም 40 ጫማ ላይ ካለችው ፒቸር ጋር ተቀራራቢ ጊዜ። ሳታዘናጋት ወርውር፦ ኳሱን አሳያት፣ ክንድህን ወደ ኋላ ውሰድ፣ ከዚያ ልቀቅ። ክንድህ ወደ ኋላ ሲሄድ እሷም ወደ ኋላ። በቀስታ እየጎበጠ የሚወርድ ኳስ ከወረወርክላት ግን መዘግየቷን እያለማመድካት ነው። ያለ መረብ ደግሞ በፍጹም! ከ15 ጫማ ተመልሶ የሚመጣ ኳስ ጊዜ አይሰጥም።

በሳምንት 3 ቀን ይበቃል። በየቀኑ ኳስ በሌለበት 10 መሰናዶና እርምጃ፣ 20 በቲ፣ 30 ከፊት ለፊት ውርወራ። 12 ኳስ ስላላችሁ ስድስት ስድስት አድርጋችሁ በየመሐሉ አንድ ደቂቃ ትረፍ። በሳምንቱ የምትነግራት ቃል አንድ ትሁን። በዚህ ሳምንት «ቀድመሽ ርገጪ» ከሆነ ቃሉ፣ ስለ እጇ የፈለገውን ስሕተት ብታይ ዝም በል።

ፊዚዮዋ

ሦስተኛ ቤዝ የዘረዘረው በቀን 60 ይሆናል፤ ከዚያ በላይ አትሂዱ። ስትደክም ዳሌዋ መዞር ያቆማል፣ ወገቧ ይተካዋል። ገና በማደግ ላይ ባለ አጥንት የታችኛው ጀርባ በአንድ ጎን፣ በተለይ ወደ ኋላ ስትለጠጥ የሚያማትና ቀናት አርፋም የማይለቃት ከሆነ ልምምዱን አቁማ ለሐኪም ትታይ። ከመጀመሯ በፊት 5 ደቂቃ ሶምሶማ፣ ቁጭ ብድግና ወገብ ማዞር፤ ስትጨርስ በግራ በኩል 10 ዝግ ያሉ ስንዘራዎች። ተራዋን ስትጠብቅ መምቻው ላይ የብረት ቀለበት መጨመር አያስፈልጋትም፤ ቀለበቱ ሲወልቅ መምቻው የቀለለ ይመስላል እንጂ ስንዘራውን አያፈጥነውም።

አባት ከሲልቨር ስፕሪንግ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ትናንት ቀረጽኳት፤ ተረከዟ የሚያርፈው ኳሱ ፕሌቱ ጋ ሊደርስ ሲል ነው። ሌላም ነገር አየሁ፦ የፊት እግሯ ወደ ፒቸሯ ሳይሆን ወደ ሦስተኛ ቤዝ ይሸሻል። ኳሱን ፈርታ ይሆን? ውጪኛውን ኳስ የማትደርስበት ለዚህ ነው?

የ12 ዓመት በታች አሠልጣኝ

አዎ፣ ሁለቱ አንድ ናቸው። እግሯ ሲሸሽ ዳሌዋም ትከሻዋም አብረው ስለሚከፈቱ ውጪኛው ጠርዝ ይርቃታል። መጀመሪያ አቋቋሟን ለካ፦ ጎንበስ ብላ በመምቻው ጫፍ የፕሌቱን ውጪኛ ጠርዝ መንካት ካልቻለች ርቃ ነው የቆመችው። ከዚያ ከተረከዞቿ ኋላ አንድ ጣውላ አጋድም፤ የፊት እግሯ ከነካው ሸሽታለች። በቲና ከፊት ለፊት ውርወራ ላይ ብቻ ተጠቀምበት፤ እውነተኛ ፒቸር ፊት እንዳያደናቅፋት አንሣው።

«አትፍሪ» ማለት ብቻውን አይረዳትም፤ መሸሻውን አስተምራት። ኳሱ ወደ ሰውነቷ ሲመጣ ወደ ካቸሯ (ከኋላዋ ወዳለችው ኳስ ተቀባይ) ዞር ብላ አገጯን ወደ ደረቷ ታስገባ፣ መምቻውን ዝቅ ታድርግ፣ ጀርባዋን ትስጠው። ወደ ፒቸሯ ከዞረች ግን ደረቷና እጆቿ ይጋለጣሉ። ይህን በስፖንጅ ኳስ፣ የፊት መከላከያ ያለውን የራስ ቁር አድርጋ ትለማመድ፦ ከ10 ውርወራ ሁለቱን፣ የትኞቹ እንደሆኑ ሳትነግራት፣ ወደ ትከሻዋ ላክ፤ ስምንቱን ትምታ። መዞሩን ያለ ማሰብ ማድረግ ስትጀምር ጣውላውን አንሥተህ እግሯ የት እንደሚያርፍ እንደገና ቅረጽ።