ስሙ ልክ፣ ሰውየው ሌላ፦ የድሮ ቤዝቦል ካርድ ከመግዛቴ በፊት ምን ላጣራ?

ካርድ_ለቃሚ፦
ሰላም ለሁላችሁ። በጅምላ የሚሸጡ፣ የቤዝቦል ተጫዋቾች ምስል ያለባቸው የ1950ዎቹና የ60ዎቹ ካርዶች ላይ ዓይኔን ጥያለሁ። ሻጩ ፎቶ ያደረገው ለጥቂቶቹ ብቻ ነው፤ የቀረው ዝርዝር ነው። ከዝርዝሩ ውስጥ «1954 ቦውማን ቁጥር 66 (ቴድ ዊሊያምስ?)»፣ «ፍራንክ ቶማስ፣ አሮጌ»፣ «ቦብ ሚለር፣ 3 ካርድ» እና «1952 ቶፕስ ሚኪ ማንትል፣ ሩኪ» (የተጫዋቹ የመጀመሪያ ካርድ ማለቱ ነው) ይገኛሉ። ቦውማንና ቶፕስ ካርዶቹን ያተሙ ኩባንያዎች ናቸው። ገንዘብ ከመላኬ በፊት ምን ልጠይቀው?

ጀርባውን_አንብብ፦
ከ66 እንጀምር፤ ወጥመዱ እሱ ነው። ቦውማን በ1954 ቁጥር 66ን ለቴድ ዊሊያምስ ሰጥቶ ማተም ጀመረ። ዊሊያምስ ግን ከቶፕስ ጋር ብቸኛ ውል ነበረው፤ ስለዚህ ካርዱ ተነሥቶ በዚያው ቁጥር ጂሚ ፒየርሳል ገባ። ፒየርሳል በዚያው ስብስብ ቁጥር 210 ላይም አለ። ሁለቱም የቦስተን ሬድ ሶክስ ተጫዋቾች ስለሆኑ የክለቡ ስም አይለያቸውም። በቁጥር ብቻ የተጻፈ 66 አብዛኛውን ጊዜ ፒየርሳል ነው፤ የፊቱን ፎቶ ሳታይ የዊሊያምስ ዋጋ አትክፈል።

ፍራንክ ቶማስም ሁለት ነው። ትልቁ በ1929 ተወልዶ ከ1951 እስከ 1966 የተጫወተው፣ በፒትስበርግ የጀመረው ነው። 286 ሆም ራን (ኳሱን ከሜዳው አሻግሮ የመታበት) አለው፣ ቀላል ሰው አይደለም። ብዙ ሰው የሚያስበው ግን በ1990 ለቺካጎ ዋይት ሶክስ መጫወት የጀመረውን ባለ 521ዱን ነው። «አሮጌ ፍራንክ ቶማስ» እውነት አሮጌ ከሆነ ትልቁ ነው፣ ዋጋውም በዚያው ልክ ይታሰብ።

ቦብ ሚለር ይብሳል፤ በዚያ ዘመን ሦስት ነበሩ፣ ሦስቱም ፒቸር (ኳስ ወርዋሪ)። ሁለቱ እንዲያውም በ1962 በአንድ ክለብ፣ በኒው ዮርክ ሜትስ፣ አብረው ተጫውተዋል። እኛ ጋ ስም ቢመሳሰል የአባት ስም፣ እሱም ካልበቃ የአያት ስም ይለየዋል፤ እዚህ ያለህ የካርዱ ጀርባ ነው። የትውልድ ቀኑን፣ የሚወረውርበትን እጅ (በዲትሮይት የጀመረው ግራኝ ነው፣ ሁለቱ ቀኞች ናቸው) እና የቀደመ ክለቡን ተመልከት። የ50ዎቹ ካርዶች ብዙዎቹ የታተሙበትን ዓመት አይጽፉም። በዓመት የተከፋፈለ ውጤት ካላቸው ግን የመጨረሻው ወቅት ላይ 1 ደምር፤ በ1956 የሚያልቅ ከሆነ የ1957 ካርድ ነው።

ሚሊሜትር፦
ስለ ማንትል ልጨምር። በመጀመሪያ የ1952ቱ ቶፕስ (ቁጥር 311) ሩኪው አይደለም። ሩኪው የ1951 ቦውማን ቁጥር 253 ነው፣ ካርዱም ትንሽ ነው፤ በግምት 52 በ79 ሚሊሜትር። «1952፣ ሩኪ» ብሎ የሚጽፍ ሻጭ ወይ አያውቅም ወይ እንዳታውቅ ይፈልጋል።

ሁለተኛው መጠኑ ነው። ዋናው የ1952 ቶፕስ በግምት 66.7 በ95.3 ሚሊሜትር ነው። ቶፕስ ራሱ በ1983 ያሳተመው ድጋሚ እትም ግን እንደ ዛሬው ካርድ 63.5 በ88.9 ነው። ስለዚህ ሻጩ ተራ የዛሬ ካርድ ላዩ ላይ አስቀምጦ ፎቶ እንዲያነሣ ጠይቀው። ዋናው በወርዱ ወደ 3፣ በቁመቱ ወደ 6 ሚሊሜትር ተርፎ መታየት አለበት። ማስመሪያ ብቻ ግን አይበቃም፤ በትክክለኛው መጠን የሚታተም ሐሰተኛም አለ፣ ዋናውም ዳር ዳሩ ተቆርጦ ሊያንስ ይችላል። ካርዱ እጅህ ሲገባ በ10 እጥፍ አጉሊ መነጽር ጥቁሩን ፊደልና መስመር እይ። በዋናው ላይ ቀለሙ ድፍን ነው። ፎቶ ተነሥቶ በተባዛው ላይ ፊደሉም ራሱ ከነጠብጣብ የተሠራ ይሆናል።

የተገለበጠ_ፎቶ፦
ዝርዝሩ ውስጥ «ኤረር ካርድ» (የኅትመት ስሕተት ያለበት ካርድ) የሚል ካለም ጠንቀቅ። የ1957 ቶፕስ ሃንክ አሮን (ቁጥር 20) ፎቶው ተገልብጦ ስለታተመ ግራኝ ይመስላል። የ1969ኙ ኦሬሊዮ ሮድሪጌዝ ካርድ ላይ ያለው እሱ ሳይሆን የክለቡ ዱላ አቀባይ ልጅ ነው። የ1966ቱ ዲክ ኤልስዎርዝ ላይ ያለው ደግሞ በ1964 በአውሮፕላን አደጋ የሞተው ኬን ሃብስ ነው። ሦስቱም ፈጽሞ አልታረሙም፤ ሁሉም ቅጂ ያው ስለሆነ «ብርቅ ስሕተት» ተብሎ የሚጨመር ዋጋ የለም። የኬን ሃብስ ሰብሳቢ ከሆንክ ግን ይህን ካርድ በኤልስዎርዝ ስም ፈልገው፣ በሃብስ ስም አታገኘውም።

በተቃራኒው ቲ206 በሚባለው፣ ከ1909 እስከ 1911 ከሲጋራ ጋር በወጣው ስብስብ ያለው ሼሪ ማጊ መጀመሪያ ላይ የስሙ አጻጻፍ ተሳስቶ ታትሞ ኋላ ታረመ፤ የተሳሳተው ጥቂት ስለሆነ በጣም ውድ ነው። አንዷን ፊደል ፍቀው የሚቀይሩም ስላሉ እሷ አካባቢ ወረቀቱ እንዳልተፋቀ በመነጽር እይ።

ካርድ_ለቃሚ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። በፒኤስኤ (ካርድ መርምሮ ደረጃ በሚሰጠው ድርጅት) ፕላስቲክ የታሸገ ቢሆንስ?

ጀርባውን_አንብብ፦
የምስክር ቁጥሩን በድርጅቱ ድረ ገጽ አስገብተህ የሚወጣው ስም፣ ዓመትና ደረጃ ከመለያው ጋር መግጠሙን እይ፤ ፎቶ ካለው የካርዱን ማዕዘንና ጭረት አስተያይ። ከዚያም መለያውን ትተህ ካርዱን አንብብ፤ መለያውንም የሚጽፈው ሰው ነው፣ ቦብ ሚለርን ከቦብ ሚለር ያምታታል።