ድሬዳዋ ላይ ገና ገና የሚሸት ቤት እንዴት ይዘጋጃል?

ደገኛው፦
ሰላም ጤና ይስጥልኝ። በሥራ ከደብረ ብርሃን ወደ ድሬ ለተዛወረ ቤተሰብ የመጀመሪያው ገና ነው። ደጋ ላይ ብርዱና ጋቢው ራሱ በዓሉን ያመጣዋል፤ እዚህ በታኅሣሥም ቀኑ ሞቃት ነው። ዶሮው እንዳይበላሽ፣ ሊጡ እንዳይኮመጥጥ ምን ይደረግ? ጥድስ ከየት ይገኛል?

ከዚራ፦
እንኳን ደህና መጣችሁ! የቆላ ገና የሚበላሸው ሥራው በቀን ሲሠራ ነው። የድሬ ሌሊት በታኅሣሥ ቀዝቀዝ ስለሚል ከባዱን ሁሉ ወደ ማታ አዙሩት።

ለአንድ መካከለኛ ዶሮ 2 ኪሎ ተኩል ሽንኩርት፣ 250 ግራም በርበሬ፣ ከ250 እስከ 300 ግራም ንጥር ቅቤ ያዙ። ሽንኩርቱ ያለ ዘይት በዝግታ ይቁላላ፤ ውሃው መጥጦ ወደ ቡናማ ሲያደላ በርበሬው ይግባ። ከዚያ ቢያንስ አንድ ሰዓት ውሃ ጠብ እያደረጋችሁ አማስሉት። በርበሬው ካልበሰለ ወጡ ጥሬ ጥሬ ይላል፣ በማግስቱም ቶሎ ይኮመጥጣል የሚሉ አሉ፤ ጥሬነቱ ግን ሳይቀምሱት ከጠረኑ ይታወቃል። ቁሌቱን በዋዜማው ከሰዓት ጨርሱ፤ ዶሮው ግን ጠዋት አይታረድ፣ አመሻሽ ላይ ይሁን። በሎሚና በጨው ውሃው እስኪጠራ ታጥቦ ወዲያው ድስት ይግባ።

የተረፈውን በትልቁ ድስት ከድናችሁ አታሳድሩ። መሃሉ ለሰዓታት ሞቆ ይቆያል፣ የሚበላሸውም እዚያ ነው። በትናንሽ ዕቃ ከፋፍላችሁ፣ በረድ ሲል ፍሪጅ አስገቡ። እንቁላሉ ለብቻው ይቀመጥ።

የሙዝ ቅጠል፦
ስለ ዳቦው ልጨምር። ደጋ ላይ ሊጥ አቡክቶ ማሳደር የለመደ ሰው ድሬ ላይ የሚሳሳተው እዚህ ነው። ለ2 ኪሎ የስንዴ ዱቄት 2 የሻይ ማንኪያ ደረቅ እርሾ፣ 40 ግራም ጨው፣ አንድ የሾርባ ማንኪያ ጥቁር አዝሙድ፤ ውሃው ለብ ያለ ሳይሆን ቀዝቃዛ። በአንድ ሰዓት ተኩልና በሁለት ሰዓት መካከል ኩፍ ይላል። በጣት ሲጫኑት ጉድጓዱ ቀስ ብሎ ከተመለሰ ለመጋገር ደርሷል፤ ጨርሶ ካልተመለሰ አልፎታል፣ እንዲሁ ከተጋገረ መሃሉ ይሰምጣል። ያኔ አንድ እፍኝ ዱቄት ጨምራችሁ እንደገና አሽታችሁ ግማሽ ሰዓት ስጡት። ኮባ ካጣችሁ የሙዝ ቅጠል ያው ነው፤ እሳት ላይ ሸርተት አድርጉት፣ አለዚያ ሲታጠፍ ይሰነጠቃል።

ገንደ ቆሬ፦
ጥድ ከቁልቢ መልስ ቆርጣችሁ እንዳታመጡ፣ አደራ። ከ19 እስከ 29 ባለው 10 ቀን ደርቆ ይረግፋል፤ የደረቀ ጥድ ሻማ ከነካው ደግሞ ማጥፊያ የለውም። በረዶ ለማስመሰል የሚደረገው ጥጥም እንደዚያው። በማሰሮ የተተከለ ችግኝ ወይም የፕላስቲኩ ይሻላል። ለቤቱ ሽታ ጥድ አያስፈልግም፤ ቄጠማና የቡናው ዕጣን ይበቃል። ቄጠማውን በዋዜማው ማታ ገዝታችሁ በረጠበ ጆንያ ጠቅልሉት፣ ጥላ ውስጥ ይደር። የሚጎዘጎዘው እንግዳ ሊገባ ሲል ነው።

አንድ የድሬ ነገር፦ ሙስሊም ጎረቤቶቻችሁ ቡና ሊጠጡ መምጣታቸው አይቀርም። ለእነሱ ሥጋና ቅቤ ባልነካው ድስት ሽሮና አትክልት ሥሩ፣ ዳቦውም በዘይት ይሁን። ሲገቡ «ይሄ ለብቻው የተሠራ ነው» በሏቸው፤ ሳይጠይቁ ይበላሉ።

ሩር፦
ልጆች ካሉ የገና ጨዋታውን ከ10 ሰዓት በኋላ አድርጉት፣ ፀሐዩ ይበርዳል። ሩሩ ከእንጨት ከሆነ ለትንንሾቹ የጨርቅ ኳስ ተኩበት።

ደገኛው፦
እግዜር ይስጥልን! ገና ረቡዕ ወይም ዓርብ ቢውል ግን ዶሮው ይበላል?

ከዚራ፦
ይበላል። ገና ረቡዕም ዓርብም ቢውል ይፈሰካል፤ 2018 ላይ ረቡዕ ነበር የዋለው። በ2020 ዓርብ ይውላል፤ ዘመነ ዮሐንስ ስለሆነ ቀኑ ታኅሣሥ 28 ነው። ስለዚህ ያን ዓመት ዶሮውን 27 ማታ ነው የምታርዱት።